ደረቴን ወጋ አደረገኝ፤ ልቤ ይሆን? የጅማ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተጻፈው ሌላ የታወቀ ሕመም ለሌለባቸው፣ ዕድሜያቸው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ለሚገኝ፣ ነገር ግን ደረታቸውን ጠቅ ባደረጋቸው ቁጥር እጃቸው ወደ ግራ ጡታቸው ለሚሄድ ሰዎች ነው። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የታወቀ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም እዚህ በተጻፈው ተጽናንተው ቤት እንዳይቀሩ፤ እነሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

መጀመሪያ አስፈሪውን እንጨርስ። ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ደረት መሃል ላይ ከባድ ነገር የተጫነ ያህል የሚያስጨንቅ፣ ዐርፈው ተቀምጠውም ከ15 ደቂቃ በላይ የማይለቅ ሕመም ሲኖር። ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሲሰራጭ፤ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቅ፤ ሲያስመልስ። በሩጫ ወይም በኳስ ጨዋታ መካከል ራስን ስቶ መውደቅ ሲያጋጥም። ትንፋሽ ድንገት ሲያጥር ወይም አክታ ደም ሲቀላቅል። አንድ እግር ብቻ አብጦ እያመመ ደረትም ሲወጋ፤ ይህ በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ሊያመለክት ይችላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒን በሚወስዱ ሴቶች ላይና ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ከተጓዙ በኋላ ይህ አደጋ ከፍ ይላል፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የአውቶቡስ መንገድም ብዙ ሰዓት ያስቀምጣል።

በእነዚህ ጊዜያት እስኪነጋ አይጠበቅም። 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት፣ ካልተገኘ ባጃጅም ቢሆን ይዞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል መድረስ ነው። ብቻ መሄድም፣ ራስ ሞተር ብስክሌት እየነዱ መሄድም ልክ አይደለም።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለባችሁ ቀሪውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በግራ ጡቴ ሥር እንደ መርፌ ጠቅ ያደርገኛል። አየር ስስብ ይብሳል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ልቤ ነው?

በጣቱ ጫፍ «እዚህች ጋ ናት» ብሎ ቦታዋን ለይቶ የሚያሳይ ሰው ብዙውን ጊዜ የልብ ሕመምተኛ አይደለም። ከልብ የሚነሳ ሕመም ቦታው ለመለየት ያስቸግራል፤ የታመመው ሰው መዳፉን ወይም የጨበጠውን እጁን ደረቱ መሃል ላይ ያሳርፋል። ልብም ብዙዎች እንደሚያስቡት በግራ ጡት ሥር የተቀመጠ አይደለም፤ ከደረት አጥንት ጀርባ መሃል ላይ ሆኖ ወደ ግራ ጠጋ ያለ ነው።

እንዲህ ያለው ውጋት በሕክምና በደንብ የታወቀ ነው። በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበዛል። ተቀምጠው እያሉ፣ በተለይ ጎበጥ ብለው ሲያነቡ ወይም ስልክ ላይ ሲያቀረቅሩ ድንገት ይመጣል፤ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 3 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንዳመጣጡ ይሄዳል። የልብ ሕመም ምልክት አይደለም፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ቀና ብሎ መቀመጥ ይረዳል። አንዳንዱ ደፍሮ አንዴ በረጅሙ ሲተነፍስ ጨርሶ ይለቀዋል፤ ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚፈራው ያንኑ ትንፋሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ የመጨረሻውን ሰዓት እንደሚጠብቅ ሰው ይቀመጣል።

ቦታውን በእጄ ስጫነው ያመኛል። ይህ ደህና ነው ወይስ መጥፎ ምልክት?

ባመዛኙ ደህና ነው። የሚያመው የደረት ግድግዳ ማለትም ጡንቻው ወይም የጎድን አጥንቶች ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኙባቸው መጋጠሚያዎች ሲቆጡ ነው። ስትዞሩ፣ እጃችሁን ወደ ላይ ስታነሱ ወይም ስታስሉ የሚብስ ከሆነ ይበልጥ ወደዚያ ያደላል።

«ምን ሠርተህ ነበር?» ሲባል «ምንም» የማይል ወጣት የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን ይመጣል፤ በቡና ለቀማው ወቅት ዘመድ ሊረዳ ሄዶ ጆንያ ሲጭንና ሲያወርድ ውሏል፤ ወይም ከወራት በኋላ ተመልሶ ብረት ማንሳት ጀምሯል፤ ወይም ጉንፋን ይዞት ሁለት ሳምንት ሲያስል ከርሟል። ቀኑን ሙሉ መሪው ላይ ተደፍቶ የሚውል የባጃጅ አሽከርካሪም፣ ለፈተና ሌሊቱን ጠረጴዛ ላይ የሚያድር ተማሪም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሞቅ ያለ ፎጣ፣ ለጥቂት ቀናት ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ካስፈለገ ፓራሲታሞል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለእንዲህ ያለ ቁጣ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ጨጓራ ያለበት ሰው ሳይጠይቅ ባይነካቸው ይሻለዋል። ሕመሙ ሳምንታት ሊቆይ፣ ጠፍቶም ሊመለስ ይችላል፤ መመለሱ ብቻውን አያስፈራም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሲጫኑት ማመሙ ልብን መቶ በመቶ ነጻ አያወጣም፤ በመጀመሪያው መልስ ላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ አብሮ ካለ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው።

ከበላሁ በኋላ ደረቴ መሃል ያቃጥለኛል፤ ጎምዛዛ ነገር እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል።

ቃር ነው። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ልክ ከልብ ጀርባ ያልፋል፤ የሁለቱም የሕመም ስሜት በተቀራራቢ ነርቮች ስለሚተላለፍ አንጎል የትኛው እንደተጎዳ ለመለየት ይቸገራል። ለዚህ ነው የጨጓራ አሲድ ልብ ያስመስለው።

በረመዳን ይህ ነገር ይበዛል። ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ ሳምቡሳውም ሾርባውም ጣፋጩም ባንድ ላይ ይወርዳል፤ ከሱሑር በኋላ ደግሞ ወዲያው መተኛት አለ። በሁዳዴም ቢሆን እስከ ማታ ቆይቶ በርበሬ የበዛበት ሽሮ በልቶ ወዲያው የሚጋደም ሰው ያው ነው። ጾሙ አይደለም ጥፋተኛው፤ አፈታቱ ነው። በትንሽ በትንሹ መብላት፣ በልቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አለመተኛት፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ቡና በባዶ ሆድ አለመጠጣት ብዙውን ያቀለዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ ወይም ክብደት ከቀነሰ የጨጓራ አሲድ መቀነሻውን ኦሜፕራዞልን እየገዙ መቀጠል ሳይሆን መመርመር ይገባል። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ከተገኘ የሚታዘዙት መድኃኒቶች በርከት ያሉ ናቸው፤ ቃሩ ስለለቀቀ ብቻ መሃል ላይ አይቋረጡም።

ጫት ስቅም ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ልቤም ይደልቃል። ይያያዛል?

ይያያዛል። ጅማ ላይ ስለ ደረት ሕመም ጽፎ ጫትን በአንድ መስመር ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው ኃይለኛ አነቃቂ ጋር ይቀራረባል። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል። ልብ የበለጠ እየሠራ ሳለ የሚመግበው ደም ሥር ይጠባል ማለት ነው። ጫት በስፋት በሚቃምባት በየመን የተደረጉ ጥናቶች መቃምን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል፤ ብዙ በሚቅሙት ላይ ግንኙነቱ ይጠነክራል። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ዛሬ ቅሞ ነገ ይወድቃል ለማለት አይደለም። ይሁን እንጂ «ወጣት ነኝ፣ ልቤ ጤነኛ ነው» የሚለው መጽናኛ ምርቃና ላይ ላለ ሰው እኩል አይሠራም።

ሌላም አለ። ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስከ ምሽት የተቀመጠውን ሰው ተመልከቱት። ጎኑን ደግፎ ለሰዓታት በአንድ በኩል ስለሚጋደም የደረት ጡንቻው ይታመማል። ምግብ አያሰኘውምና በባዶ ሆዱ ላይ ቡናና ለስላሳ ይጨምራል፤ ጨጓራው ይነሳል። ሲጋራ ይከተላል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ በማግስቱ ድብርትና ጭንቀት አለ። በዚህ ገጽ ላይ የምትዘረዘረው የደረት ሕመም መንስኤ ከሞላ ጎደል ባንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስባለች፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እንደወጋው ለመለየት ሐኪምም ይቸገራል።

እየቃማችሁ ሳለ ደረት ከያዛችሁ ትፉት፤ ቡናም ሲጋራም አትጨምሩ። የሚጫን ዓይነት ሕመም ከሆነና ካልለቀቀ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ስትደርሱም መቃማችሁን ተናገሩ። ሐኪሙ ሊፈርድባችሁ አይጠይቅም፤ የሚሰጣችሁ መድኃኒት ሊለወጥ ስለሚችል ነው። ምርቃናን ለመስበር ተብሎ የሚጠጣው አልኮልና ከሰው የሚወሰደው የእንቅልፍ ክኒን ግን ሌላ ጣጣ ይጨምራሉ እንጂ ልብን አያሳርፉም።

ቡናስ?

የቡና አገር ሰው ይህን ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በመጠኑ የሚጠጣ ቡና ጤናማ ሰው ላይ የልብ በሽታ አያመጣም። በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ለአብዛኛው ጤናማ አዋቂ ችግር እንደማይፈጥር ተቀባይነት አለው፤ ለነፍሰ ጡር ግን መጠኑ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ልብ የሚያደልቀው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው ሰው መቀነስ አለበት። ከሦስቱ የሚከብደው አቦሉ ነው፤ በሕክምናው ሂሳብ አቦልን ትቶ በረካን መጠበቅ ይሻል ነበር፤ ይህን በጅማ ቤት የሚቀበል አስተናጋጅ ከተገኘ።

ሐኪሙ «ጭንቀት ነው» አለኝ። ሕመሜን በአእምሮዬ ፈጥሬው ነው ማለቱ ነው?

አይደለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የመጣበት መንገድ ነው ሌላ።

ሰው ሲደነግጥ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎና በደረቱ አናት ይተነፍሳል። በዚህም ከሰውነቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣል። ያኔ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ራስ ይከብዳል፣ የደረት ጡንቻ ይጨመደዳል፣ «አየር አልበቃ አለኝ» የሚል ስሜት ይመጣል። አየር ሳይጎድለው ነው የበለጠ የሚስበው፤ በሳበ ቁጥርም ይብስበታል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ቀስ እያለ ይበርዳል፤ ያለፈበት ሰው ግን ልሞት ነበር ይላል፤ አልዋሸም፣ ስሜቱ እንደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ይጀምራል። በቀን ሃያ ጊዜ የእጅ አንጓን ይዞ ምት መቁጠር። ሌሊት ስልክ ከፍቶ የሕመሙን ምልክት መፈለግ። ሰውነት ሁልጊዜ አንዳች ነገር ጠቅ ያደርገዋል፤ ጆሮ የሰጠው ሰው ደግሞ ሁሉንም ይሰማል። ለቅሶ ቤት ይህ በግልጽ ይታያል፤ በሰፈር አንድ ወጣት በድንገት ሲሞትና «በልብ ነው» ሲባል፣ በዚያ ሳምንት የእኩዮቹ ሁሉ ደረት መውጋት ይጀምራል። ከቤተሰብ ርቀው ዶርም ውስጥ የሚኖሩ ተማሪዎች በፈተና ሰሞን የሚሰማቸውም ከዚሁ የሚመደብ ነው።

ሲመጣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ዋናው ማስወጫው ከመሳቢያው መርዘሙ ነው። ፌስታል ወይም ከረጢት አፍና አፍንጫ ላይ አድርጎ መተንፈስ የሚለውን የቆየ ምክር ተዉት፤ ችግሩ ከሳንባ ወይም ከልብ የመነጨ ሆኖ ከተገኘ አደገኛ ነው። ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ፣ በፍርሃቱ ምክንያት ከቤት መውጣት ወይም ብቻ መሆን ካስቸገረ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ይገባል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለው። እዚያ መታየትን ከእብደት ጋር የሚያያይዘው ወሬ ብዙ ሰው ሊድን የሚችልበትን ጊዜ አባክኗል።

እንግዲያው ወጣት በልብ አይታመምም ማለት ነው?

ይታመማል። የሚታመመው ግን በሚፈራው በኩል አይደለም።

ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች መዘጋት ሌላ ሕመም በሌለበት፣ ሲጋራ በማያጨስ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ላይ ብርቅ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የልብ ሕመምተኛ የሚያደርገው የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር፣ ጉዳት ሲሆን የሚነሳው ከጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚበዛው፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣሉ፤ ያ ያልፍና ይረሳል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ፣ በሴቶች ላይ አንዳንዴ በመጀመሪያው እርግዝና፣ ይገለጣል።

ምልክቱ ታዲያ መርፌ የሚመስል ውጋት አይደለም፤ ትንፋሽ ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ዓምና ከጓደኞቹ እኩል ይወጣ የነበረ ሰው ዘንድሮ እየቆመ የሚያርፍ ከሆነ፣ ማታ በአንድ ትራስ መተኛት አቅቶት ሁለት ሦስት የሚደራርብ ከሆነ፣ እግሩ የሚያብጥ ከሆነ፣ ደረቱን አንድም ቀን ባያመው እንኳ ልቡን መታየት ያለበት እሱ ነው። በየቀኑ ጠቅ እያደረገው ዳገቱን ሳይቆም የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ፍርሃቱ ነው። ልጅ ሳለ መገጣጠሚያው አብጦ የነበረ ወይም በየሦስትና አራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ታዞለት ያቋረጠ ሰው ግን ምልክት ሳይጠብቅ ይመለስ።

ሁለት ነገሮች ይጨመሩ። በቤተሰብ ውስጥ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ ሳይታሰብ የሞተ ሰው ካለ፣ ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ የመጣ፣ በጀርባ ሲተኙ የሚብስና ወደፊት ሲያዘነብሉ የሚቀል ሕመም ደግሞ የልብ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ሳል አብሮኝ አለ። ቲቢ ይሆን?

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ የክብደት መቀነስ ካለ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ አክታ አስመርምሩ፤ የቲቢ ሕክምና በነጻ ነው። ትኩሳት ካለና ሲተነፍሱ የሚወጋ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሌሊት የሚያስነሳ ሳልና ሲር ሲር የሚል ድምፅ ወደ አስም ያደላል። ረጅምና ቀጭን ወጣት ወንድ፣ በተለይ አጫሽ ከሆነ፣ በአንድ ወገን ድንገት ወግቶት ትንፋሹ ቢያጥር ሳንባው አየር አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

ልጄ ደረቱን እያመመው «ሐኪም ቤት» ይለኛል። እኔ ብርድ መትቶት ነው ብዬ ዳማ ከሴ አጠጣሁት። አጠፋሁ?

አላጠፉም፣ እናቴ። ትኩስ ነገር መጠጣቱም፣ ሞቅ ብሎ መተኛቱም ጉዳት የለውም። ብርዱ ራሱ ደረት ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም፤ ከብርድ ወቅት ጋር የሚመጣው ጉንፋንና ሳሉ ነው የሚያሳምመው። ትኩሳት ካለው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለው ግን ዳማ ከሴው ይቆይና ይውሰዱት።

የትኛውን ምርመራ ልጠይቅ? ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ የሚያነሳውን ምርመራ) ተነሥቼ «ደህና ነው» ተብያለሁ፤ አላመንኩም።

ምርመራ መጠየቅ ሳይሆን ታሪክን በደንብ መናገር ነው የሚጠቅመው፤ ወጣት ሰው ላይ ብዙው የሚለየው በጥያቄና በመዳመጫው ነው። መቼ ጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ደረጃ ስትወጡ ይመጣል ወይስ ስትቀመጡ፣ በምን ይብሳል፣ በምን ይቀላል፤ ይህን ጽፋችሁ ሂዱ። ሐኪሙ የደም ግፊት ይለካል፣ ያዳምጣል፤ ካስፈለገው ኢሲጂ ያዛል፣ የማያምና ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው። ሳንባን ከጠረጠረ ራጅ፣ ቫልቭን ከጠረጠረ የልብ አልትራሳውንድ ይከተላል። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር መሄድ ወጪም ይቀንሳል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው መታወቂያውን ይዞ ይሂድ።

አንዴ በወጉ ተመርምሮ ደህና ነህ የተባለ ሰው በየክሊኒኩ እየዞረ ያንኑ ኢሲጂ ቢያስነሳ ጥርጣሬውን ያሳድገዋል እንጂ አያረጋጋውም። እፎይታው ሁለት ቀን ይቆይና ሌላ ወረቀት ያስፈልገዋል። እንደገና መሄድ ያለባችሁ ሕመሙ ጠባዩን ሲለውጥ ነው፤ ከጠቅታ ወደ ጫና፣ ከዕረፍት ጊዜ ወደ ሥራ ጊዜ፣ ከደቂቃ ወደ ሰዓት ሲዞር።

ኳስ መጫወት ላቁም?

ሕመሙ ስትሮጡ የሚመጣና ስትቆሙ የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም በጨዋታ ላይ ራስ የማዞርና የመሳት ነገር ካለ፣ አዎ፣ እስክትመረመሩ አቁሙ። ቁጭ ስትሉ መጥቶ ስትጫወቱ የሚረሳ ከሆነ ተጫወቱ።

ጓደኛዬ «ለልብ ጥሩ ነው» ብሎ በየቀኑ አስፕሪን እንድወስድ መከረኝ።

አትውሰዱ። በየቀኑ የሚወሰድ አስፕሪን የልብ ደም ሥር ሕመም ለተረጋገጠባቸው ሰዎች በሐኪም የሚታዘዝ ነው። ጤናማ ወጣት ላይ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ጨጓራን ማድማቱ ይቀድማል፤ ከዚያ የሚመጣው ቃጠሎም ደረት ላይ ነው የሚሰማው።